ሠላሳ ሳንቲ ሜትር

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው ይሁን አይሁን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልገደልኩም፤ የሰው ንብረት አልሰረቅኩም። አንድ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ጻፍኩ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሃምሳ መጻፍ ሲገባኝ ሰማንያ ጻፍኩ። «ለዚህ ብለሽ ነው እንዴ ቁጭ ብለን እንድንሰማሽ የምትለምኚን?» ቢሉኝ አልቀየምም። እኔም ራሴን ብዙ ጊዜ እንዲሁ ብዬዋለሁ።

ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለአባቴ አልተናገርኩም። ንስሐ አባታችን ዘንድ ሦስት ጊዜ ቀርቤ ሐሜቱንም፣ ቁጣውንም፣ በጾም የበላሁትን ብስኩት ሳይቀር ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ቁጥር ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ብስኩት የሚናዘዝ ሰው ይህን ከደበቀ፣ የነገሩን ክብደት ራሱ ያውቀዋል ማለት አይደለም? እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የፈተና ወረቀት እንደሚሞላ ሰው ተጠንቅቄ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ።

ቤታችን አቃቂ በሰቃ ነው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ውስጡ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ወለሉ ሊሾ ነው። ሳሎን አለን፣ የአባዬና የእማዬ መኝታ ክፍል አለ፣ ከዚያ በጓሮ በኩል ትንሿ ክፍል አለች። ርዝመቷ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወርዷ ሁለት ሜትር። አባዬ ቤቱን ሲሠራ ለእንግዳ ብሎ ነበር ያወጣት። ከገጠር ለሕክምና የመጣ ዘመድ፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ የመጣ ዘመድ ያድርባታል፤ ሰው ከሌለ እኔ እተኛባታለሁ። ትርፍ ክፍል ነበረች ማለት ይቻላል፣ አዳዳ እስክትመጣ ድረስ።

አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ ስሟ ብርቄ ነው፤ እኛ ቤት ግን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ከባሏ ጋር ጤፍና ሽምብራ ይዘሩ ነበር። ባሏ ሞተ፤ ጥቂት ቆይቶ መሬቱ ለቤት ግንባታ ሄደ። ጎጆዋ ሲፈርስ ያተረፈችው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ባሏ ከዋንዛ እንጨት በእጁ የሠራላትን አልጋ። አባዬና ጎረቤቶች አልጋውን ከአይሱዙ አውርደው ትንሿ ክፍል ውስጥ ሲገጥሙት፣ እኔ የልብሷን ፌስታል ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። አባዬ እጁን ራስጌው ላይ አሳርፎ፣ «እቴቴ፣ ይቺ ክፍል ያንቺ ናት። እኔ እያለሁ ከዚህ የሚያስወጣሽ የለም» አላት።

ሰምቻለሁ። በኋላ «አላወቅኩም ነበር» ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ እንዳይኖር ነው ይህን የምጽፈው። አውቄያለሁ፤ ሰምቻለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሏን ለሁለት ተጋራን። አዳዳ አልጋዋ ላይ ትተኛለች፣ እኔ መሬት ላይ በተዘረጋ የስፖንጅ ፍራሽ። ጉልበቷ ታማሚ ስለነበር መሬት ከተኛች መነሳት አትችልም። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ጸሎቷን ድምፅ አውጥታ ታደርሳለች። ጉልበቷን በቪክስ ታሻለች፤ ደብተሮቼ ሁሉ ቪክስ ቪክስ ይሸቱ ነበር። ስትተኛ ታንኮራፋለች። ስትነቃ ታወራለች።

«ሲፈኔ፣ ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«ፊዚክስ ነው አዳዳ።»

«ምን ይላል?»

«የቆመ ነገር የሚገፋው ካልመጣ አይንቀሳቀስም ይላል።»

«ይሄንን ለማወቅ ነው ደብተር የጨረስሽው? በሬዬን ብትጠይቂው ይነግርሽ ነበር እኮ!»

ብቻዋን ትስቃለች። እኔ አልስቅም። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ገጹን እገልጣለሁ። ማንም ግን ጥርሴን መንከሴን አያውቅም። እኔ ጨዋዋ ልጅ ነኝ። ውኃ የማቀርብ፣ እግር የማጥብ፣ «እሺ» የምል ልጅ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ «የቶሎሳ ልጅ» ብሎ ለልጆቹ ምሳሌ የሚያደርገኝ እኔን ነበር።

በ2008 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ፤ ከሂሳብ መቶ አመጣሁ። አባዬ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነው፤ ካርዴን ፋብሪካው ድረስ ይዞት ሄዶ ለሥራ ባልደረቦቹ አሳየ። ማታ ራት ላይ እንዲህ አለ፤

«ከእንግዲህ ጉልበቷ ላይ ደብተር አስቀምጣ አታጠናም። ትንሿ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተገጠመ ጠረጴዛ አሠራላታለሁ። ከላዩ እስከ ኮርኒሱ መደርደሪያ፣ ከሥሩ መሳቢያ። ቢሮ ነው የማደርግላት፣ ቢሮ!»

እማዬ እልል አለች። አዳዳ ከጎኔ ሆና፣ «በይ እንግዲህ፣ የቀረሽ ማኅተም ብቻ ነው» አለችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

አባዬ ሐሳቡን ጨርሶት ነበር። «ጠረጴዛው በመስኮቱ ሥር ይሆናል። የእቴቴ አልጋ አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። ጠረጴዛው ከግድግዳው ሃምሳ ሳንቲ ብቻ ይውጣ፤ ለአልጋው ሁለት ሜትር ይቀራል። እሷም ትተኛለች፣ አንቺም ታጠኛለሽ።» ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሃምሳ» አለ። እኔም «ሃምሳ» አልኩ።

ሥራው የተሰጠው ለጋሽ ሽኩር ነው። ጋሽ ሽኩር የስልጤ ሰው ናቸው፤ እዚያው በሰቃ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። በራችንን፣ መስኮታችንን፣ ኮርኒሳችንን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከአባዬ ጋር ሃያ ዓመት የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው፤ ለአረፋ እኛ እነሱ ቤት፣ ለፋሲካ እነሱ እኛ ቤት። በዚያ ሰሞን የአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ሥራ ይዘው ፋታ አጥተው ነበር።

«ለመለካት የምመጣበት ጊዜ የለኝም፣ ቶሎሳ» አሉ። «ሲፈን ለክታ በወረቀት ታምጣልኝ። አንደኛ የወጣች ልጅ እያለች እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ ሜትር ይዤ ምን አመላለሰኝ?»

አባዬ በኩራት ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሜትሩን ሰጡኝ።

በዚያው ሳምንት አዳዳ ቤት አልነበረችም። ልጇ አስናቀች ወልዳ፣ አራሷን ልትጠይቅ ቱሉ ዲምቱ ሄዳ ነበር። ክፍሏ የእኔ ብቻ ሆነች። ማን ፈቀደልኝ ሳልል አዳዳ አልጋ ላይ ወጥቼ ተኛሁ። ማንም አላንኮራፋም። ማንም «ይሄ ምን ይላል?» ብሎ አልጠየቀኝም። ሦስት ቀን እንዲህ አደርኩ። ጸጥታው ጣፈጠኝ። ለዚህ የተሻለ ቃል ብፈልግ አጣሁ፤ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

በአራተኛው ቀን እዚያው አልጋ ላይ ተቀምጬ ከሂሳብ ደብተሬ ባለ ካሬ ወረቀት ቀደድኩ። ጠረጴዛውን በማስመሪያ ሳልኩት። ርዝመቱን ሁለት ሜትር ብዬ ጻፍኩ። ከግድግዳው ወደ ፊት በሚወጣው በኩል ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ከዚያ ሰማንያ ብዬ ጻፍኩ።

እጄ ስቶኝ አይደለም። ከሁለት ሜትር ተኩል ላይ ሰማንያ ሳንቲ ሲቀነስ አንድ ሜትር ከሰባ ይቀራል። አልጋው አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። በወርድ እንዳይገባ በሩን ይዘጋል። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ፈተና ላይ እንደማደርገው መልሱን ሁለተኛ ሠርቼ አረጋገጥኩት። ያም አልበቃኝም። የሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ ተገፍቶ ይወጣል፤ የተቀበረ ግን አይወጣም። ስለዚህ ከሥዕሉ ሥር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «እግሩ ሊሾው ውስጥ ይቀበር፤ ጀርባው ከግድግዳው ቋሚ ጋር በብሎን ይታሰር» ብዬ ጨመርኩ። በመቶ ያለፍኩበትን ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ ያዋልኩት ለዚህ ነው።

ለምን አባዬን «ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ» ብዬ አልጠየቅኩትም? ይህን ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ መሰለዎ! ብጠይቀው ይቆጣ ይሆናል፤ ወይ «ታገሺ» ይለኝ ነበር፤ ከዚያ የከፋ አይመጣብኝም። ግን ብጠይቀው ክፉ ልጅ እሆናለሁ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነበር የምፈልገው፤ ክፍሏንም፣ ጨዋ መባሉንም። አዳዳን ማስወጣት ፈለግኩ፣ ያስወጣኋት እኔ መሆኔ እንዲታወቅ ግን አልፈለግኩም።

ጋሽ ሽኩር ጠረጴዛውን ሠርተው መጡ። አልጋውን እኔና እማዬ አስቀድመን ፈተን ጓሮ በላስቲክ ሸፍነነው ነበር። ጋሽ ሽኩር በጣታቸው ግድግዳውን እያንኳኩ በጭቃው ውስጥ የቋሚዎቹን ቦታ ፈለጉ። «እዚህ ባዶ ነው... እዚህ ባዶ... አሃ፣ እዚህ አለልህ!» ይላሉ ለራሳቸው። ሊሾውን በመሮ ቆፍረው እግሮቹን ቀበሩ፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሞሉ። «ተማሪ ሰፊ ቦታ ነው የሚያስፈልገው» አሉ ሲጨርሱ። እኔ ፍቅፋቂውን እጠርግ ነበር። ወረቀቱን መሬት ጥለውት አየሁ። ከፍቅፋቂው ጋር ጠረግኩት፤ ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩት።

አባዬ ከሥራ ሲመለስ ጠረጴዛውን በእጁ ዳሰሰው። ቀለም ገና ሳይደርቅ ጎረቤት ጠርቶ አሳየ። ስፋቱን ልብ አላለም፤ ሰው ሲደሰት አይለካም።

አዳዳ ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ተመለሰች። ሱባዔውን ሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሆና ልትጾም ነበር የቸኮለችው። የእኛ ቤት ለአቦ ደብር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በጉልበቷ እንኳ በሩብ ሰዓት ትደርሳለች። የጽዋ ማኅበሯም ሴቶች እዚያው ናቸው። አባዬ አልጋውን ከጓሮ አምጥቶ ይገጥም ጀመር። ራስጌውን አስገባ። ግርጌው ከጠረጴዛው እግር ጋር ተጋጨ። አዞረው። እንደገና አዞረው። በወርድ ሞከረው፤ በሩ አልከፈት አለ። ላቡን ጠርጎ ሜትር አመጣ። ሰማንያ።

ጋሽ ሽኩር ተጠርተው መጡ። አባዬ ገና በሩን ሳያልፉ፣ «ሽኩር፣ ሃምሳ ነበር እኮ ያልኩህ!» አላቸው።

«አንተ አይደለህም ያልከኝ፤ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ሰማንያ ይላል።»

«ወረቀቱስ?»

«እዚሁ ጥዬዋለሁ።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ሲፈን፣ ስንት ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ሁሉም አዩኝ። አዳዳ የልብስ ፌስታሏን እንደያዘች ሳሎን ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጠረጴዛው ይነቀል፣ አባዬ ይቆጣኝ፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን «ሃምሳ» አልኩ።

«ይኸው!» አለ አባዬ። «ልጄ ቁጥር አትስትም። ከሂሳብ መቶ ያመጣች ልጅ ናት።»

ጋሽ ሽኩር በሌላ ሰው ቢሆን ይሟገቱ ነበር፤ ግን ከፊታቸው የቆመችው አንደኛ የወጣች ልጅ ናት። መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው ጠጋ አድርገው፣ እያራቁ፣ እያቀረቡ አዩት። «ሰማንያ ነበር የመሰለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ... ዓይኔ ይሆናላ።» ቀጥለው ጠረጴዛውን ቢነቅሉት ሊሾው እንደሚፈርስ፣ ቢቆርጡት መሳቢያዎቹ እንደሚበላሹ፣ ቢሆንም በነፃ አፍርሰው እንደገና እንደሚሠሩት ተናገሩ።

እኔ አለቀስኩ። አዎ፣ እዚህ ላይ አለቀስኩ። ሰዎቹ ለአዳዳ አዝኜ መሰላቸው። ያለቀስኩት ጠረጴዛው ሊፈርስብኝ ነው ብዬ ነው።

ያኔ አዳዳ ተነሳች። «ተዉት!» አለች። «አንድ ጊዜ የቆመ ነገር በእኔ ምክንያት አይፈርስም። የኔ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

«እቴቴ፣ አልጋውን ትንሽ ከግርጌው ቆረጥ ብናደርገውስ?» አለ አባዬ ግራ ገብቶት።

«ባልሽን እንቁረጠው በለኝ እንጂ!»

«ሳሎን ይዘርጋልሽ?»

«በር ላይ ተኝቼ ለገባ ለወጣው ሁሉ ልነሳ ነው? ተው ቶሌ። አስኒም አራስ ናት፣ ሰው ትፈልጋለች። አልጋዬ ያልገባበት ቤት እኔም አልገባም።» ይህን ስትል ትስቅ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። «አንቺ ተማሪልኝ» አለችኝ። ነጠላዋ ቪክስ ቪክስ ይሸታል።

በማግስቱ ሄደች። አልጋው ጓሮ ላስቲኩ ሥር ቀረ፤ ራስጌው በአስናቀች ፎቅ ደረጃ አይዞርም ተብሎ። አባዬ ጋሽ ሽኩርን አልሰደበም፤ የከፋው ግን ስድብ አይደለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጠርቷቸው አያውቅም። ለጠየቀው ሁሉ፣ «ሽኩር አርጅቷል፤ ሃምሳን ሰማንያ ብሎ አነበበ» ይል ነበር። በሰቃ ትንሽ ሰፈር ናት፤ አናጺ ቁጥር መሳት ከጀመረ ማን በር ያሠራዋል? አረፋ መጣ፣ አልሄድንም። ፋሲካ መጣ፣ አልመጡም።

እዚህ ላይ «በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንዲት መስመር ማጥናት አቃተኝ፣ ሕሊናዬ ወቀሰኝ» ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ውሸት ይሆናል። በጣም ጥሩ አጠናሁ። እንቅልፌም ጥሩ ነበር። መጽሐፎቼን በመደርደሪያው ላይ በቁመታቸው ደረደርኩ፤ እስክሪብቶዎቼን በመሳቢያ በቀለማቸው ለየሁ። ሁለት ዓመት በዚያች ክፍል ንግሥት ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባዬ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄ ነው ያስገባት» አለ። ልክ ነው። እሱ ነው ያስገባኝ።

አስናቀች ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። አዳዳ መጀመሪያ ሰሞን በየወሩ በአቦ ቀን ወደ ሰፈራችን ትመጣ ነበር፤ ደረጃውን በአንድ እጇ ብረቱን፣ በአንድ እጇ ጉልበቷን ይዛ ትወርዳለች። ቀጥሎ ለጥቅምቱና ለመጋቢቱ ንግሥ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ቀረች። የጽዋዋ ሴቶች አንድ ጊዜ ሊጠይቋት ሄደው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው አረፉ አሉ፤ ሁለተኛ አልሄዱም። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። የመጨረሻው ጊዜ መስኮቱ ጋ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ አገኘኋት።

«ነይ እስኪ፣ አንቺ ዓይን አለሽ» አለችኝ። «ከዚያ ወዲያ የሚታየው ሕንፃ ኮዬ አይደል?»

«ነው አዳዳ።»

«ከጫፉ ሦስተኛውን ቁጠሪ። የሽምብራ ማሳዬ እሱ ሥር ነው። ከላይ ሳየው ትንሽ ነበር ለካ!» ሳቀች። ቆይታ፣ «ጠረጴዛሽ ደኅና ነው?» አለችኝ፣ የሰው ጤንነት እንደሚጠየቅ።

«ደኅና ነው።»

«አይ ሲፈኔ... ያች ክፍል ጥሩ ነበረች። ደወሉ ይሰማል። እንግዲህ ስሞት ከወንድሜ ቤት ነው የምወጣው ብዬ ነበር።» ከዚያ በፍጥነት፣ «ተይው፣ የአሮጊት ወሬ ነው፤ ሻይ ጠጪ» አለች።

ሻዩን ጠጣሁ። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን፤ በሩ ዝግ ነበር። እንደዚያ ያለ ጊዜ ዳግመኛ አላገኘሁም። ሻዩን ጠጥቼ ሄድኩ።

አዳዳ የሞተችው በ2011 ጥር ውስጥ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተር ፈተና ላይ ሳለሁ ነው። አባዬ ደውሎ፣ «ፈተናሽን ጨርሺ፤ አትምጪ። እሷም ብትኖር ይህንኑ ትልሽ ነበር» አለኝ። ጨረስኩ። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። እማዬ ናት በኋላ የነገረችኝ፤ ሣጥኑ በደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር ብሎ ወንዶቹ ሽቅብ አቁመው እንዳወረዱት፣ በየፎቁ አቁመው እንዳወረዱት። እማዬ ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ። እኔ ግን መስማቱን መተው እችላለሁ? በዓለም ላይ ያለ ሣጥን ሁሉ፣ አልጋ ሁሉ፣ በር ሁሉ ስንት ሳንቲ እንደሆነ በዓይኔ የምለካው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ለለቅሶው ጋሽ ሽኩርም መጥተው ነበር አሉ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ሳለ አባዬ ሲያያቸው ተነስቶ አንገታቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። አርባዋ በወጣ ማግስት፣ እኔ ለእረፍት መጥቼ ሳለሁ፣ አባዬ አስጠራቸው። «ንቀልልኝ» አላቸው። «አልጋዋ ወደ ቦታዋ ይመለስ።» ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እሱ የአልጋውን ጣውላ ሊያጸዳ ጓሮ ወጣ። ትንሿ ክፍል ውስጥ እኔና ጋሽ ሽኩር ቀረን።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ። እግሮቹን ከሊሾው በመሮ አወጡ። ሲጨርሱ ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው የጠረጴዛውን ገበታ ለኩት። ቀና ሳይሉ፣

«ሲፈን» አሉኝ።

«አቤት ጋሽ ሽኩር።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ያኔ ወረቀቱ ላይ ስንት ነበር የጻፍሽው? ለአባትሽ አልነግረውም፤ ለራሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜትር ሳነብ እጠራጠራለሁ። አንዷን ሳንቃ ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ ጎረቤት ያለውን ብረት በያጅ ጠርቼ አስነብባለሁ። ይስቁብኛል። ዓይኔ ከሆነ፣ ዓይኔ ነው ብዬ ሥራውን ልተወው። ካልሆነም ልወቀው።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። እንደ ለማኝ ነበር የጠየቁኝ። ይህ ሰው በራችንን የሠራ ሰው ነው፤ ግድግዳ አንኳኩቶ ውስጡን የሚያውቅ ሰው ነው። አዳዳ ሞታለች፤ የምከላከለው ጠረጴዛ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። የምፈራው ምን ቀረ? ከጓሮ የአባዬ እግር ኮቴ ይሰማ ነበር። ይኸው ብቻ ነው፤ የአባዬ እግር ኮቴ።

«ሃምሳ ነበር ጋሽ ሽኩር» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ዓይኔ ነው» አሉ። ሜትሩን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉትና ለእኔ ሰጡኝ። «ያዥው፣ ለትምህርትሽ ይሆንሻል።»

አልጋው ገባ። ተመችቶት፣ ከግርጌው ስልሳ ሳንቲ ተርፎት ገባ። አባዬ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ግድግዳው ላይ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች ያይ ነበር።

እንግዲህ ሰምተውኛል። ይቅር እንዲሉኝ ልለምንዎ አስቤ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ግን ያን ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ሞታለች። ሌላው የሥራ ቤታቸውን ዘግተው በር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ለሰላምታዬም ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ያደረግኩት፣ አራተኛ ክፍል ያቋረጡ ሰው ረጅም ጽሑፍ አያነቡም ብዬ ይሆን? ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ መቀነስ አውቅ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ልጅ እንኳ አልነበርኩም።

ሜትሩ ዶርም ሎከሬ ውስጥ አለ። ትንሿ ክፍል ውስጥ የሚተኛ የለም። አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ በየጠዋቱ ይከፈታል፣ ደወሉ ይሰማል። እንደገና ትርፍ ክፍል የሆነችው አልጋው በገባበት ቀን፣ የካቲት 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።